በ«እንዘምን» እና በ«አይነካም» መካከል

ጥያቄ፦ በአምልኮ ቤታችን የአስተዳደር ኮሚቴ ውስጥ የማገለግል እናት ነኝ። ወጣቶቻችን አንድ በአንድ እየቀሩብን ነው። ያልቀሩት ደግሞ አምስት ነጥብ ያለው ሐሳብ አቅርበዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው መርሐ ግብር ወደ 50 ደቂቃ ይጠር፤ ሙሉው በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፍ፤ ስማችን የታተመበት ቲሸርትና ኩባያ ይሸጥ፣ ከፍለው ለሚመጡም የፊት መቀመጫና የተለየ ጸሎት ይዘጋጅ፤ በስልክ መተግበሪያ የዕለት ጥቅስ ይላክ፤ ስለ ጾምና ስለ ግዴታ ስጦታ ማስተማር ሰው ስለሚያርቅ ይቅር ይላሉ። ሽማግሌዎቻችን አምስቱንም «አይነካም» ብለው ዘጉት። ቤቴ ስገባ ደግሞ የ19 ዓመት ልጄ «ከየሃይማኖቱ ደስ ያለኝን እወስዳለሁ፣ የማንም አባል መሆን አያስፈልገኝም» ትለኛለች። መለወጥ ነው ወይስ መጽናት? የእምነታችንን ስም እንዳትጽፉ እለምናለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ፍሬ ነገሩን አስቀድመን እንንገርዎ። የቀጥታ ስርጭቱንና የስልክ መልእክቱን በገደብ ተቀበሏቸው። የሰዓቱን ጉዳይ ከመወሰናችሁ በፊት ለኩት። የሽያጩን ነጥብ ለሁለት ክፈሉት፤ ቲሸርቱ ለውይይት ይቅረብ፣ የሚከፈልበት መቀመጫና ጸሎት ግን ከደጅ ይመለስ። አምስተኛውን አትቀበሉ። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን፤ የልጅዎን ነገር ደግሞ ለብቻው እናነሳለን፣ ምክንያቱም ከኮሚቴው አጀንዳ ይልቅ እሷ ጋር ያለው ጥያቄ ይከብዳል።

የእምነትዎን ስም እንደጠየቁን አንጽፍም። ምሳሌዎቹን ከልዩ ልዩ ሃይማኖቶች ወስደናል፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ኮሚቴያችሁን ያቆላለፈው ወጣቶቹና ሽማግሌዎቹ አምስቱን ነጥቦች እንደ አንድ ነገር ማየታቸው ነው። ሃይማኖቶች የዘመኑን መሣሪያ ሳይጠቀሙ የኖሩበት ጊዜ የለም። በ1450ዎቹ በጀርመን አገር በማይንዝ ከተማ የኅትመት ጥበብ ሲጀመር መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመታት፣ በገንዘብ የሚሰጡ የስርየት ወረቀቶችም በብዛት ታተሙ። ማርቲን ሉተር በ1517 የተቃወመው የወረቀቶቹን ንግድ ነበር፤ ተቃውሞውን ያሰራጨለት ግን ያው የኅትመት መኪና ነው። ሬዲዮም እንዲሁ ነበር፦ በአሜሪካ ፒትስበርግ በጥር 1921 የአንድ ቤተ ክርስቲያን አምልኮ በሬዲዮ ተላለፈ፣ ቫቲካንም በ1931 የራሷን ጣቢያ ከፈተች። ስለዚህ «መሣሪያው አዲስ ነው» የሚለው የሽማግሌዎቹ ቅሬታ ብቻውን ሚዛን አይደፋም። «ዘመኑ ነውና እንከተል» የሚለው የወጣቶቹ መከራከሪያም እንዲሁ። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ለውጥ ሰዎቹን ምን ያደርጋቸዋል የሚለው ነው፤ አባል ወይስ ደንበኛ?

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ደንበኛ የቀረበለትን ነገር ይመዝናል፤ ካልተመቸው ይሄዳል፣ ማንም አይወቅሰውም። በሃይማኖት ውስጥ ግን ሚዛኑ የሚዞረው ወደ ሰውየው ነው። የቀረበለት ቃል እሱን ይመዝነዋል፣ ግዴታ ይጥልበታል፣ አንዳንዴም የማይወደውን ይነግረዋል። የሸማችነት ባህል ስንል የገንዘብን ነገር ብቻ ማለታችን አይደለም። አንድ ሳንቲም ሳይከፈልም ሰው ሸማች ሊሆን ይችላል፦ ስብከትን እንደ ዘፈን እያማረጠ፣ ያልጣመውን በጣቱ እየገፋ፣ የትም ቦታ ስሙ ሳይታወቅ።

ይህ ፈተና ትናንት የመጣ አይደለም። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የሚወቅሳቸው ነጋዴዎች ሰንበቱ እስኪያልፍ የቸኮሉት እህላቸውን ለመሸጥ ነበር። በቁርኣን በጁሙዓ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ ንግድ ወይም ጨዋታ ሲያዩ ነቢዩን ቆመው ሳሉ ትተው የተበተኑ ሰዎች ተነስተዋል። የእኛን ዘመን የሚለየው ገበያው ቀንና ቦታ ማጣቱ ነው። ድሮ ገበያ የሚውልበት ቀን ነበረው፤ አሁን በኪስ ውስጥ ነው፣ ሰው በጸሎት ላይ ቆሞም ይጠራዋል። ሌላው ልዩነት አማራጩ መታየቱ ነው። የልጅዎ ዕድሜ ያለ ሰው የአምስት ሃይማኖቶችን መምህራንና ሃይማኖት የለሽ ተከራካሪዎችን በአንድ ምሽት አዳምጦ ይተኛል።

ይህን ያጠኑ ሰዎች ያዩትን ማወቅ ኮሚቴያችሁን ከሁለት ስሕተት ያድነዋል። ሶሲዮሎጂስቱ ፒተር በርገር በ1960ዎቹ ዘመናዊነት ሃይማኖትን እያመነመነው ይሄዳል ብሎ ያምን ነበር። በ1999 ግን ያ ግምት ስሕተት እንደነበር በግልጽ ጻፈ፤ ዘመናዊነት የሚያመጣው የአመለካከቶችን ብዛት እንጂ የግድ ክህደትን አይደለም አለ። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2015 ባወጣው ትንበያም ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር ራሳቸውን የማያያይዙ ሰዎች ድርሻ በ2010 ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ገደማ እንደነበርና በ2050 ወደ 13 በመቶ ዝቅ እንደሚል ገምቷል፤ ዋናው ምክንያት የወሊድ መጠን ልዩነት ነው። እንግዲህ «ካልተለወጥን እንጠፋለን» የሚለው ፍርሃት በጥድፊያ ውሳኔ ሊያሰጣችሁ አይገባም። በአንጻሩ ካናዳዊው ፈላስፋ ቻርልስ ቴይለር በ2007 እንዳስረዳው ዛሬ እምነት ከብዙ አማራጮች አንዱ ሆኖ ነው የሚኖረው፤ አማኙም ራሱ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር ያውቃል። «አባቶቻችን እንዲህ ነበሩ» ብሎ ማቆም ከዚህ በኋላ ለወጣት በቂ መልስ አይሆንም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

ስለ ሰዓቱ። ሁለት ሰዓት ተኩሉ በምን እንደሚሞላ አታውቁም ብለን እንገምታለን፤ አብዛኛው ቤት አያውቅም። ለአራት ሳምንት አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ይመዝግብ፦ ሰው እስኪሰበሰብ የተጠበቀበት፣ ጸሎትና ምስጋና፣ ትምህርት፣ ማስታወቂያ፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ እንግዳ ማስተዋወቅ፣ የተደጋገመ ንግግር፣ እያንዳንዱ በደቂቃ። መዝገቡ ሲደመር ከአምልኮው ይልቅ በዙሪያው የተከመረው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። መጀመሪያ መቆረጥ ያለበት እሱ ነው። ማስታወቂያው በወረቀት ወይም በጽሑፍ መልእክት ይተላለፍ፣ በቃል የሚነገረው ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ለልዩ ልዩ ጉዳይ ገንዘብ መሰብሰብ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። በተባለው ሰዓት ጀምሩ፣ አምስት ሰው ቢኖርም። የዘገየውን መጠበቅ በሰዓቱ የመጣውን መቅጣት ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ በሰዓቱ የሚመጣው ራሱ መዘግየት ይጀምራል። ትምህርቱን የሚሰጠው ሰው ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ቢሰጠውና አስቀድሞ ቢዘጋጅበት አይጎዳም።

ዝምታውን፣ የኅብረት ጸሎቱን፣ ንስሐውን ወይም ከዚያ ጋር የሚመሳሰለውን ክፍል ግን አትንኩ። ለአዲስ ሰው አሰልቺ የሚመስለው ክፍል ይህ ነው፤ ሰው በሌላ ቦታ የማያገኘውም እሱን ነው። ሰዓቱን በትዕግሥት ማጣት ልክ ከቀነሳችሁት ደግሞ የሚያቆመው ነገር የለም፦ ዘንድሮ 50 ደቂቃ የጠየቀ በሚቀጥለው ዓመት 30 ይጠይቃል፣ ምክንያቱም በስልኩ የሚያየው ነገር እያጠረ ነው።

ስለ ቀጥታ ስርጭቱ። መጀመሪያ ለማን ነው የሚለውን ጻፉ። ለታመመ፣ ላረጀ፣ በሽተኛ ለሚያስታምም፣ በሥራ ርቆ ለሄደ ከሆነ ትልቅ ምጽዋት ነው። «ተመልካች ለማብዛት» ከሆነ ግን ካሜራው ቀስ በቀስ አምልኮውን ወደ ትርኢት ይለውጠዋል፤ አገልጋዩ ለፊቱ ሰው ሳይሆን ለመነጽሩ መናገር ይጀምራል፣ ምእመኑም ፊቱን ያስተካክላል።

በሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ይሁን። አንድ ካሜራ ከኋላ በማቆሚያ ላይ ይተከል፣ አይንቀሳቀስ፣ የሚጸልይን ሰው ፊት አቅርቦ አያሳይ። ከቦታው አንድ ጎን «ካሜራ የማይደርስበት» ተብሎ ይለይ፤ መታየት የማይፈልግ ሰው አለ፣ ምክንያቱን የመጠየቅም መብት የላችሁም። ድምፁን በካሜራው ማይክ አትቅዱ፣ የአዳራሹ ማስተጋባት ንግግሩን ያጠፋዋል፤ ከድምፅ ማደባለቂያው በገመድ ውሰዱ። ይህን ብቻ ካደረጋችሁ ደግሞ ቤት ያለው ሰው የሰባኪውን ድምፅ እንጂ የሕዝቡን ምላሽ አይሰማም፤ ስለዚህ ወደ ምእመናኑ የዞረ አንድ ማይክ ጨምሩና ዝቅ አድርጋችሁ አዋህዱት። በ720 የምስል ጥራት ለመላክ ከ3 እስከ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ያስፈልጋል፤ የመስመራችሁ የመላኪያ ፍጥነት የዚህ እጥፍ ካልሆነ ምስሉ ይቆራረጣል። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኙት፤ አዳራሹ በሰው ሲሞላና ስልኩ ሲበዛ ዋይፋዩ ይደክማል። መስመሩ ደካማ ከሆነ በድምፅ ብቻ ጀምሩ፤ ለእሱ 128 ኪሎቢት በሰከንድ በቂ ነው። ለታመመ ሰውም ምስል ሁልጊዜ አያስፈልገውም። አስተያየት መስጫውንና የተመልካች ቁጥሩን ዝጉ። ንስሐ፣ የግል ምስክርነት፣ የሕፃናት ፊት፣ እና በሥርዓታችሁ ምሥጢር የሆነው ክፍል ከመተላለፉ በፊት ይቋረጥ። መዝሙሮቹ የሌላ ሰው ድርሰት ከሆኑ ፈቃድ ጠይቁ፣ ካልሆነ ስርጭቱ በመሃል ሊታገድ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ካልተጨመረ ስርጭቱ ብቸኛውን ሰው ይበልጥ ብቸኛ ያደርገዋል። በቤታቸው ሆነው የሚከታተሉ አባላትን ስም ዝርዝር ያዙ። ለእያንዳንዱ ጎብኚ ከ6 እስከ 8 ሰው ስጡት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውል፣ በወር አንድ ጊዜ በአካል ይሂድ። ይህን የሚሠራ ሰው ካላገኛችሁ ካሜራውን አትግዙ።

ስለ ሽያጩ። ለዚህ ነጥብ የሚሆን አንድ መመዘኛ እንስጣችሁ፦ ገንዘብ የሌለው ሰው ይህን ባይገዛ ምን ይቀርበታል? ኩባያ ከሆነ የሚቀርበት፣ ነገሩ ቀላል ነው። ጸሎት፣ በረከት፣ ቦታ ወይም የአገልጋዩ ትኩረት ከሆነ ግን ድሃውን ከፈጣሪው ፊት ወደ ኋላ ገፍታችሁታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ሲሞን የተባለው ሰው የመንፈስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲል ጴጥሮስ ገንዘብህ ከአንተ ጋር ይጥፋ ነው ያለው። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መመሪያም ለዘመኑ ጉባኤዎች እጅግ የሚሠራ መለኪያ ሰጥቶ ነበር፦ ተጓዥ ሐዋርያ አንድ ቀን፣ ካስፈለገም ሁለት ቀን ይቆይ፤ ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነቢይ ነው፤ በመንፈስ ሆኖ ገንዘብ ስጡኝ ካለም አትስሙት፣ ለተቸገሩ ሌሎች ካልሆነ በቀር። የፊት መቀመጫውን ሐሳብ ያቀረቡት ልጆች ክፉ አስበው አይመስለንም። በየስታዲየሙና በየአዳራሹ ያዩትን ነው ያመጡት፤ ይህን በፍቅር አስረዷቸው፣ ግን አንዲት ጋት አትሽሹ።

ቲሸርቱን ከፈቀዳችሁ ከአምልኮው አዳራሽ ውጭ፣ ከአምልኮው ሰዓት ውጭ ይሸጥ። አስቀድሞ ያዘዘ ሰው ቁጥር ያህል ብቻ ይታተም፤ በግምት አትማችሁ ካልተሸጠ፣ ማስታወቂያው ወደ መድረኩ ይወጣል፣ ከዚያ ማውረድ ያስቸግራል። የፈጣሪን ስምና የቅዱስ መጽሐፍ ቃል በሚቆሽሽና በሚጣል ነገር ላይ አታትሙ፤ ውሎ አድሮ የሚገኘው ቆሻሻ ውስጥ ነው። ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ወጪ በሁለት ፊርማ ይውጣ። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች በዕለቱ ይቁጠሩት፤ በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አገልጋዩ ከሽያጩ በመቶኛ የሚያገኝ ከሆነ ትምህርቱ ሳይታወቀው ወደ ዕቃው ያዘነብላል፤ ደመወዙ ቋሚ ይሁን።

የስልክ መተግበሪያው ከሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ስውር አደጋ ያለበት ግን እሱ ነው። የዕለት ጥቅስ የሚመርጥ ሰው ሳያስበው የሚያጽናናውን ይመርጣል። የሚገሥጸው፣ ስለ ድሃ አደጉ የሚጠይቀው፣ ቂምን ተው የሚለው፣ ስለ ሞት የሚያስታውሰው ጥቅስ ብዙ ሰው ስለማይወደው ይቀራል። መተግበሪያው ደግሞ ብዙ የተወደደውን እየደጋገመ እንዲልክ ከተሠራ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ምእመናኑ የሚያውቁት ግማሽ መጽሐፍ ብቻ ይሆናል፤ የጎደለው ግማሽ መኖሩንም አይጠረጥሩም። መድኃኒቱ አስቀድሞ የተወሰነ የንባብ ዙር መከተል ነው። በየዓመቱ የሚዞር የንባብ ሥርዓት ካላችሁ እሱን ላኩ፤ ከሌላችሁ መምህራኑ ለ12 ወር ያዘጋጁ፣ መሃል ላይ አይለዋወጥ። ጥቅሱ ብቻውን አይላክ፣ የሚገኝበት ምዕራፍ አብሮት ይጠቀስ።

መልእክቱ በቀን አንድ ጊዜ፣ በታወቀ የጸሎት ሰዓት ይምጣ። «ለ30 ቀን ሳያቋርጡ አንብበዋል» የሚል ቆጠራ አይኑረው፤ ቆጠራው ሲቋረጥ ሰው በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይተዋል፣ ሳይቋረጥ ሲቀርም ንባቡ ለቁጥሩ ይሆናል። ማስታወቂያ አይግባበት። የጸሎት ጥያቄ መላኪያ ካለው ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ሰዎች በዚያ ሕመማቸውን፣ ትዳራቸውን፣ ዕዳቸውን ይጽፋሉ። የሚያነቡት በስም የታወቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይደምሰስ፣ ወደ ሌላ ቡድን አይተላለፍ። የዚህ ምሥጢር አንድ ጊዜ ከወጣ መተግበሪያው ብቻ ሳይሆን የንስሐ ልማዱ ራሱ ይጎዳል።

አምስተኛው ነጥብ፣ ጾምንና የግዴታ ስጦታን ከትምህርት ማውጣት፣ ለመሳብ ተብሎ የሚደረግ ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ዲን ኬሊ በ1972፣ ኢኮኖሚስቱ ላውረንስ ያናኮኒ ደግሞ በ1994 ብዙ የሚጠይቁ ማኅበረ ምእመናን ለምን እንደሚጠነክሩ ለማስረዳት ሞክረዋል። የያናኮኒ ትንታኔ እንዲህ ይሄዳል፦ ምንም በማይጠየቅበት ቤት ሳያዋጣ የሚካፈል ሰው ይበዛል፤ መዝሙሩ ይቀዘቅዛል፣ የታመመ ሳይጠየቅ ይቀራል፣ ሥራው በጥቂቶች ጫንቃ ላይ ይወድቃል፣ እነሱም ይሰለቻሉ። ግዴታ ሲኖር የሚቀረው ሰው ለመሸከም የተዘጋጀ ነው፤ እሱ ያለበት ስብሰባም ሕይወት አለው። ይህ አስተያየት በምሁራን ዘንድ ተቃዋሚ አላጣም። ያናኮኒም ራሱ ግዴታው ከልክ ሲያልፍ ቤቱ እንደሚዳከም ይናገራል። ለሽማግሌዎቻችሁ በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን፦ ጥናቱን ለጭካኔ ማስረጃ አታድርጉት። ብዙ የሚጠይቅ ቤት ብዙ መስጠትም አለበት፤ ሥራ ያጣውን ካልደገፈ፣ ያዘነውን ካላጽናና፣ ጥያቄው ሸክም ብቻ ይሆናል።

በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በ1975 የተመሠረተው ዊሎው ክሪክ የተባለ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የማያምኑ ሰዎች የሚመቻቸውን እያጠና መርሐ ግብሩን በማዘጋጀት ለብዙዎች አርአያ ሆኖ ነበር። በ2007 የራሱን ጥናት ሲያወጣ ግን በብዙ ፕሮግራሞች መሳተፍ ብቻውን ሰውን በመንፈሳዊ ሕይወት እንደማያሳድገው ገለጸ። ይህን በግልጽ መናገራቸው ሊመሰገን ይገባል፤ ወጣቶቻችሁም ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ስለዚህ ጾሙን አስተምሩ፣ ግን አስተማመራችሁን ለውጡ። ደንቡን ከማንበብ በፊት ምን እንደሚያሠለጥን ተናገሩ፦ የፈለጉትን ወዲያው ማግኘት በለመደ ሰውነት ላይ «ቆይ» ማለትን ያስለምዳል። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ፣ መድኃኒት ለሚወስድ ሥርዓታችሁ የሚሰጠውን ፈቃድ በግልጽ ንገሩ፤ ብዙ ወጣት የሚሸሸው ጾሙን ሳይሆን የሚቆጣጠረውን ዓይን ነው። ስለ ስጦታም የታወቀ ልክ መኖሩ ድሃውን የሚጠብቅ መሆኑን አሳዩ። በእስልምና ዘካ ከቁጠባ 2.5 በመቶ ነው፣ ሀብቱ ወደ 85 ግራም ወርቅ ዋጋ ካልደረሰና ዓመት ካልሞላው ደግሞ የለበትም። አስራት ከአሥር አንድ ነው። ልክ በተቀመጠበት ቦታ «ጨምር፣ ጨምር፣ ካልጨመርክ አትባረክም» የሚል ሰው መከራከሪያ ያጣል። ትምህርቱን ብታስቀሩት ልኩ ይረሳል፣ የሚተካውም ስሜት እየቀሰቀሱ ገንዘብ መሰብሰብ ነው።

አሁን ልጅዎ። በ1985 አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሮበርት ቤላና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ውስጥ ሺላ በሚል ስም የተጠቀሰች ነርስ እምነቷን በራሷ ስም «ሺላይዝም» ብላ ጠርታው ነበር። ልጅዎ የምትለው ከዚያ የራቀ አይደለም፤ ብቻዋንም አይደለችምና አትደንግጡ። የምትለው ውስጥ እውነትም አለ፦ ከሌላው መልካም ነገር መማር ኃጢአት አይደለም፣ በራስ ኅሊና ማመንም የአዋቂነት ምልክት ነው።

ሊያሳዩዋት የሚገባው፣ ነገሮች ከቦታቸው ሲነቀሉ ምን እንደሚጎድልባቸው ነው። ለምሳሌ ጆን ካባት ዚን በ1979 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የማሰላሰል ሥልጠና ከቡድሂዝም ልምምድ የተወሰደ ነው። ለሕመምና ለጭንቀት ብዙዎችን ረድቷል። በቡድሂዝም ውስጥ ግን ማሰላሰል ብቻውን አልነበረም፦ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ አለመዋሸት ከሚሉት ሥርዓቶች፣ ከመምህርና ከማኅበር ጋር ነበር። ተነጥሎ ሲመጣ እርጋታው ይተርፋል፣ «እንዴት ልኑር» የሚለው ግን ይቀራል። ይህን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ያቅርቡላት፦ ከየቦታው የመረጥሽው ሁሉ አንቺ የወደድሽው ከሆነ፣ ስትሳሳቺ «ተሳስተሻል» የሚልሽ የትኛው ክፍል ነው? ስትታመሚስ የሚመጣው ማን ነው? መልሱን ወዲያው አይጠብቁ።

ከዚያ በፊት ግን ጥያቄዋ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። አንዳንዱ የእውቀት ጥያቄ ነው፦ የታሪክ፣ የሳይንስ፣ የመጽሐፍ። አንዳንዱ ቁስል ነው፦ ከምእመናኑ ወይም ከአገልጋዮቹ አንዱ አዋርዷት ወይም ሲያስመስል አይታው ይሆናል። ሌላው ደግሞ የትርጉም ጥያቄ ነው፣ «ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል። ወላጆች በብዛት የሚስቱት ቁስሉን በማስረጃ ሊያክሙት ሲነሱ ነው። ለቁስል የሚያስፈልገው መስማት፣ ጥፋት ካለም ማመንና ጥፋተኛውን አለመከለል ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ሰዓት ይስጧት፣ ስልክ ይዘጋ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ እሷ ትናገር፣ እርስዎ አያቋርጡ። ሳይነግሯት አገልጋይ ወደ ቤት አያምጡ፤ ያን ቀን ከዘጋችብዎ በሩ ለዓመታት ሊከፈት አይችልም።

ስለ ሌሎች እምነቶች ወይም ስለማያምኑ ሰዎች ሲያወሩ እነሱ ራሳቸው «አዎ፣ የምናምነው ይህ ነው» ብለው በሚቀበሉት መንገድ ይግለጹት። አጣመው ቢነግሯት በደቂቃ ውስጥ በስልኳ ታረጋግጣለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ራስዎ እምነት የሚነግሯትንም መጠራጠር ትጀምራለች። የማያውቁትን «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ» ይበሉ፣ በሳምንት ውስጥም መልሱን ይዘው ይምጡ። ከክርክር ይልቅ የሚሠራው ደግሞ ልምምድ ነው፦ ለ40 ቀን አንድ ነገር ብቻ አብራችሁ አድርጉ፣ የማታ ጸሎት፣ ወይም በሳምንት አንድ ታማሚ መጠየቅ። የምትመርጠው እሷ ትሁን፣ ከመረጠች በኋላ ግን ሁለታችሁም አታቋርጡ። ደስ ባይላትም የጀመረችውን መጨረስ ከየቦታው መርጦ መውሰድ የማያስተምረው ነገር ነው።

ወደ ኮሚቴው ሲመለሱ አምስቱን በአንድ ቀን ድምፅ አታሰጡባቸው። ከክርክሩ በፊት ሽማግሌዎቹ በአንድ ገጽ ላይ ፈጽሞ የማይለወጠውን ይጻፉ፤ ሲጽፉት ከሚሉት በጣም አጭር ሆኖ ያገኙታል፣ ውጥረቱም ያኔ ይላላል። ከዚያ አንድ ለውጥ፣ ለሦስት ወር፣ የሚያበቃበት ቀን ተቆርጦለት ይጀመር። ስኬቱን በተመልካች ቁጥር አትለኩ፤ ስንት ታማሚ ተጠየቀ፣ ስንት ሰው አዲስ ኃላፊነት ተቀበለ፣ አዲስ ከመጡት ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ አሉ የሚለውን መዝግቡ። ወጣቶቹንም መድረክና ካሜራ ላይ ብቻ አታስቀምጧቸው። ሒሳብ ቆጣሪ፣ ጎብኚ፣ የንባቡ አዘጋጅ አድርጓቸው። ሥልጣን ሳይሰጣቸው ቴክኒኩን ብቻ የሚሠሩ ልጆች ሠራተኛ እንጂ አባል አይሆኑም፣ ሲደክማቸውም ይሄዳሉ።

ኮሚቴው ሁሉንም ቢከለክል እንኳ ያለ በጀትና ያለ ውሳኔ በዚህ ሳምንት ሊጀምሯቸው የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ፦ የሰዓቱ መዝገብና የቤት ታማሚዎች ስም ዝርዝር። ለመዝገቡ ከወጣቶቹ አንዱን፣ ለዝርዝሩ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ይጠይቁ፣ በአራተኛው ሳምንት ሁለቱ አብረው ለኮሚቴው ያቅርቡት።